«ፎቶሾፕ ካወቅህ ኮሌጅ ምን ያደርግልሃል?» ለተባለው ምላሽ

ሰሞኑን በከተማችን በሐዋሳ ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤታቸውን ይዘው «አሁንስ ምን ልማር?» እያሉ ለሚብሰለሰሉ ልጆች የተጻፈ ምክር ነው። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ግራፊክስ ዲዛይንንና የቅርብ ዘመዶቹን ኮሌጅ ገብቶ መማር ዕድሜና ገንዘብ ማቃጠል ነው። ዩቲዩብ ሁሉንም በነፃ ያስተምራል። ደንበኛ ሥራ እንጂ ዲግሪ አይጠይቅም። ተሰጥኦ ካለህ አለህ፤ ከሌለህ ማንም አያስተምርህም። ካንቫ የተባለው ዝግጁ ንድፍ የሚያቀርብ መተግበሪያና ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ሙያውን እየበሉት ነው። ሐዋሳ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ገበያ የለም። ስለዚህ ለኮሌጅ የምትከፍለውን ሰብስበህ ላፕቶፕ ግዛበት።

የጸሐፊው ብዕር ይጥማል። የሚለውም ሁሉ ከንቱ ቢሆን ኖሮ አንብቤ አልፈው ነበር። እኔ ፒያሳ አካባቢ ባለች ጠባብ ሱቅ ዲዛይንና ኅትመት እየሠራሁ የምኖር ሰው ነኝ፤ ከኮሌጅ ለልምምድ የሚላኩ ልጆችም ይመጡልኛል። ከእነሱ መካከል ይህን ጽሑፍ አንብበው «ጋሼ፣ ባቋርጠውስ?» ማለት የጀመሩ አሉ። ለእነሱ በቃል ከመለስኩላቸው በተሻለ ሁኔታ እዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

«ዩቲዩብ ሁሉንም ያስተምራል» ከሚለው ልጀምር፤ ትልቁ ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሶፍትዌር ማለቱ ከሆነ ልክ ነው። ፎቶሾፕን፣ ኢሉስትሬተርንና ኮረል ድሮውን ለመልመድ ማንም ኮሌጅ መግባት የለበትም። ትጉህ ልጅ በጥቂት ወራት ይጨርሳቸዋል። እንዲያውም አንድ ኮሌጅ ከሶፍትዌር ሌላ የሚያስተምረው ነገር ከሌለ የጸሐፊው ወቀሳ ሁሉ ይገባዋል። ግን ምጣድ የገዛ ሁሉ እንጀራው ዐይን አያወጣለትም። ጸሐፊው መሣሪያውንና ሙያውን አንድ አድርጎ ነው የቆጠረው።

የዩቲዩብ ትምህርት በአብዛኛው የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው። «ርዕሱን በሙሉ በካፒታል ጻፈው፤ በፊደላቱ መሐል ክፍተት ጨምር፤ ንዑስ ርዕሱን ሰያፍ አድርገው» ይላል አስተማሪው። ልጁ ያንን ሰምቶ የአማርኛ ፖስተር ሊሠራ ይቀመጣል። የእኛ ፊደል ካፒታል የለውም። ትልቁን ከትንሹ የሚለየው ውፍረት፣ መጠን፣ ቀለምና ቦታ ብቻ ነው። ሰያፍም በፊደላችን ልማድ ውስጥ የለም፤ ኮምፒውተሩ በግድ ሲያዘነብላት «ጠ» ልትወድቅ ጥቂት የቀራት ትመስላለች። ክፍተቱን ሲጨምር ደግሞ ቃሉ ይበታተንና አንባቢው የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ይጠፋዋል፤ በሁለት ነጥብ ቃል መለየት ቀርቶ ባዶ ቦታ ብቻ ከቀረን ቆይቷልና። «ጯ»ን ወይም «ሿ»ን በ7 ነጥብ፣ ማለትም በደቃቅ የፊደል መጠን፣ ቢዝነስ ካርድ ላይ ያሳተመ ሰው የምለው ይገባዋል። ከጎኑ ያለው እንግሊዝኛ ጥርት ብሎ ሲነበብ የእኛው በቀለም ተደፍኖ ነጠብጣብ ይሆናል። ስለዚህ አማርኛውን ከፍ፣ ላቲኑን ዝቅ አድርጎ በዐይን ማስተካከል ያስፈልጋል። የነጥቡ ቁጥር እኩል ቢሆንም ለዐይን መጠኑ እኩል አይደለም።

ሐዋሳ ላይ ይህ ነገር በሦስት እጥፍ ይከብዳል። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ከሆነ ወዲህ የከተማው ታፔላ ብዙውን ጊዜ የሦስት ቋንቋ ነው፦ በላቲን ፊደል የሚጻፈው ሲዳምኛ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ። በሲዳምኛ ፊደል ስለሚደራረብ ቃሉ ይረዝማል፤ አማርኛው አጭርና ወፍራም ይሆናል፤ እንግሊዝኛው መሐል ላይ ይውላል። ሁለት ሜትር በማይሞላ ታፔላ ላይ ሦስቱን አንዱ ሌላውን ሳይጫን፣ በባጃጅ የሚያልፍ ሰው በአንድ ዐይን እንዲያነብ አድርጎ ማስቀመጥ የሚያስተምር ቪዲዮ ካለ ጸሐፊው ይጠቁመኝ፤ ከልቤ አመሰግነዋለሁ። ከመናኸሪያው እስከ ሐይቁ ያለውን መንገድ በእግር ሄዶ ታፔላዎቹን ያየ ሰው ችግሩ የሶፍትዌር እውቀት ማነስ እንዳልሆነ ያውቃል። ሁሉም በሶፍትዌር ነው የተሠሩት።

ሌላም አለ። ለዓለም ፊደላት በየኮምፒውተሩ አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ለእኛም ፊደል ቦታ ሰጥቶታል። ማተሚያ ቤቶቻችን ግን ዛሬም የድሮዎቹን ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ አልጣሉም። እነዚህ ፎንቶች አማርኛውን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ደብቀው የሚያስቀምጡ ናቸው። ደንበኛው ጽሑፉን በዩኒኮድ ከሚጽፈው ስልኩ ይልካል፤ ልጁ ኮረል ድሮው ላይ በአሮጌው ፎንት ይለጥፈዋል፤ ሳጥን በሳጥን ይሆናል። ከዚያ ቁጭ ብሎ እንደገና በእጁ ይተይበዋል፤ ሲተይብ የሙሽራዋን ስም ይሳሳታል፤ ካርዱ ይታተማል። የቀረውን እናንተው ታውቁታላችሁ። ምክንያቱን የተማረ ልጅ ግን ጽሑፉን በዩኒኮድ ፎንት ይከፍትና በሁለት ደቂቃ ይጨርሳል።

የኅትመቱ ነገርማ አይወራ። አንድ ጎረምሳ ከሱቄ ይገባና ሎጎውን ከቴሌግራም አውጥቶ «ሦስት ሜትር ባነር ሥራልኝ» ይለኛል። ቴሌግራም ፎቶውን አሳንሶ 1280 ፒክስል አድርጎታል። ሦስት ሜትር ላይ ሲዘረጋ በአንድ ኢንች 11 ፒክስል ገደማ ብቻ ይደርሰዋል፤ ከመንገድ ማዶ እንኳ ጥርስ ያወጣ ይመስላል። «ስልኬ ላይ እኮ ጥርት ብሎ ይታያል!» ይላል። እውነቱን ነው፣ ይታያል። ስልኩ ላይ የሚያበራው አረንጓዴም በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች ሲወጣ ይደበዝዛል፤ ብርሃንና ቀለም የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። በስቴፕል የሚሰፋ መጽሔት ገጹ ለ4 መካፈል እንዳለበት፣ ቀጭን ጥቁር ጽሑፍ በአንድ ጥቁር ቀለም እንጂ በአራት ቀለም ድርብ እንደማይታተም፣ ዳር ላይ የሚደርስ ቀለም ከመቁረጫው መሥመር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ማለፍ እንዳለበት ቀድሞ የነገረው ሰው የሌለ ልጅ የሚማረው በደንበኛ ገንዘብ ነው። ደንበኛውም ያንን ትምህርት ሁለተኛ አይከፍልለትም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ቪዲዮ የማይሰጠው ነገር ትችት ነው። ዩቲዩብ ሲናገር ታየዋለህ እንጂ እሱ ያንተን ሥራ አያይም። ደህና ኮሌጅ ውስጥ ሥራህን ግድግዳ ላይ ትለጥፋለህ፤ መምህሩም የክፍል ጓደኞችህም ቆመው ያዩታል፤ «ዐይኔ መጀመሪያ ያረፈው ስልክ ቁጥሩ ላይ ነው፣ የድርጅቱን ስም አላየሁትም» ይሉሃል። ትናደዳለህ፤ ማታ ታፈርሰዋለህ፤ ጠዋት ሌላ ይዘህ ትመጣለህ። እኛ ዘንድ ሰው ፊት ለፊት ስህተትህን አይነግርህም፤ «ቆንጆ ነው፣ በርታ» ብሎ ይሸኝህና ሌላ ቤት ሄዶ ያሠራል። ይህን ይሉኝታ የሚያፈርስ ክፍል ማግኘት ብቻውን የክፍያ ዋጋ አለው፤ ይህ እንግዲህ የእኔ ግምት ነው።

«ደንበኛ ዲግሪ አይጠይቅም» ለሚለው፦ የባነር ደንበኛ አይጠይቅም፤ እኔንም ጠይቆኝ አያውቅም። ባንክ፣ የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ቢሮና የውጭ ድርጅት ግን ይጠይቃሉ። የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ የሚያነብ ሰው «በግራፊክስ ወይም ተመሳሳይ ሙያ ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ» የምትለዋን መሥመር ያውቃታል። ያለ ወረቀት የመጀመሪያው በር ላይ ነው የምትቀረው፤ ፖርትፎሊዮህን (የሥራዎችህን ስብስብ) የሚያየው ሰው ከበሩ ውስጥ ነው የተቀመጠው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው የናይኪን ሎጎ ይጠቅሳል፤ «አንዲት ተማሪ በ35 ዶላር የሠራችው ሎጎ ዓለምን ገዛ፤ የትኛው ዲግሪ አሠራት?» ይላል። ታሪኩን ሙሉ ቢያነበው ኖሮ አይጠቅሰውም ነበር። ካሮሊን ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. በ1971 ያንን ምልክት ስትሠራ በፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የግራፊክ ዲዛይን ተማሪ ነበረች። ሥራውን የሰጣት የናይኪ መሥራች ፊል ናይት እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሒሳብ አያያዝ ያስተምር ነበር። ለዘይት ቀለም ሥዕል ትምህርት የሚሆን ገንዘብ እንደሌላት ስትናገር ኮሪደር ላይ ሰምቷት ነው ያነጋገራት። ኮሌጁን ከታሪኩ ውስጥ ብታወጡት ትውውቁም ሎጎውም የለም። 35 ዶላሩም ቢሆን መጨረሻው አልነበረም፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1983 አክሲዮን ሰጥቷታል። ታሪኩ ስለ ዝቅተኛ ክፍያ ካስተማረን ያስተምረን፤ ኮሌጅ አያስፈልግም ለሚለው ግን ምስክር አይሆንም።

ጸሐፊው ነገሩን ዩኒቨርሲቲና ዩቲዩብ በሚባሉ ሁለት መንገዶች ብቻ ከፍሎታል። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ ማለፊያውን ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለአብዛኛው የሐዋሳ ልጅ ኮሌጅ ማለት እንግዲህ ቴክኒክና ሙያ ነው፤ ደረጃ 3፣ ደረጃ 4፣ ከዚያ ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ምዘና። ይህ መንገድ በጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም። የትብብር ሥልጠና የሚባለው ነገር ልጁን ከክፍል አውጥቶ እንደ እኔ ያለ ሱቅ ውስጥ የሚያስገባው በዚሁ መንገድ ነው። ጉድለት የለውም አልልም። ሠልጣኝን ሻይ እንዲያመጣ ብቻ የሚልኩ ሱቆች አሉ፤ ከትልልቅ ማሽኖች ይልቅ ደብተር ያለበት ኮሌጅም አለ። ለችግሩ መፍትሔው ግን ልጁ ቤቱ ቁጭ ብሎ ብቻውን እንዲማር መምከር አይደለም።

«ተሰጥኦ አይማሩትም» የምትለዋ አጭር ናት፤ እኔም ላሳጥር። የአገራችን ቁም ጸሐፊ ብርዕ ከሸምበቆ ሲቀርጽ፣ ጥቁር ቀለም ሲያዘጋጅ፣ ብራና ሲፍቅ፣ የትኛው ስም በቀይ እንደሚጻፍ ሲያውቅ ብቻውን ከሰማይ አልወረደለትም። መምህር ሥር ዓመታት ተቀምጧል፤ ያበላሸው ብራና ተፍቆ እንደገና ተሰጥቶታል። በመጽሐፉ ራስጌ የሚሣለው ሐረግም ሥርዓት ያለው፣ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ትምህርት ነው። የዘመናዊውም ታሪክ እንዲሁ ነው። ሠዓሊው አለ ፈለገሰላም በቺካጎ ተምሮ መጥቶ በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲከፍት ተሰጥኦ ያለውን ልጅ ሊያሠለጥን እንጂ ተሰጥኦ ሊያከፋፍል አልነበረም። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ያ ትምህርት ቤት አመልካቾቹን ሥዕል ይፈትናል። ተሰጥኦን እዚያው በር ላይ ያያል ማለት ነው፤ ትምህርቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ካንቫና ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በተመለከተ፦ የልደት ካርድና «እንኳን አደረሳችሁ» የምትል ምስል ብቻ እየሠራ ለሚኖር ሰው ስጋቱ እውነት ነው። ያ ገበያ ሄዷል፤ አይመለስም። ነገር ግን ይህ ስጋት የሚገፋው ወደ ትምህርት ነው ወይስ ከትምህርት? ማሽኑ የሚወስደው መጀመሪያ ሶፍትዌር መጫን ብቻ ከሚያውቀው ላይ ነው፤ ጸሐፊው ልጆቹን እንዲሆኑ የሚመክራቸውም ያንኑ ነው። ደንበኞቼ «ኤአይ የሠራልኝ» ብለው የሚያመጧቸውን ፖስተሮች አያለሁ። ሥዕሉ ያምራል፤ አማርኛው ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ፊደል የሚመስል ግን ፊደል ያልሆነ ነገር ተደርድሯል። «ሀ» እግር አብቅላ፣ «መ» ሦስት ሆድ አውጥታ አይቻለሁ። ነገ ይስተካከል ይሆናል። ቢስተካከልም ከቀረቡት አሥር አማራጮች የትኛው ለቡና ከረጢት፣ የትኛው ለክሊኒክ እንደሚሆን መርጦ ምክንያቱን የሚያስረዳ ሰው መኖሩ የግድ ነው። ሺህ ከረጢት ታትሞ ስሙ ቢሳሳት ተጠያቂው ካንቫ አይደለም።

«ሐዋሳ ገበያ የለም»። እስቲ ገበያውን እንየው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ባስተናገደችው ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ በተባለው የቡና ጥራት ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና ነው። ያ ቡና የሚወጣበት አገር መዲና ላይ ቁጭ ብለን፣ እዚሁ ተቆልቶ ለሚሸጥ ቡና የሚሆን ደህና ማሸጊያ የሚሠራ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ከይርጋለም የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ የአቮካዶ ዘይት ይወጣል። የሐይቁን ዳር ተከትለው የተሠሩት ሆቴሎችና ሎጆች ምናሌ፣ የክፍል ቁጥር፣ አቅጣጫ ጠቋሚ፣ ብሮሹር ይፈልጋሉ። ፍቼ ጨምበላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ በዓሉ በደረሰ ቁጥር ከተማው በባነር ይሞላል፤ አብዛኛው ያው ከዓመት ዓመት የሚገለበጥ ምስል ነው። በዓሉን የሚመጥን ሥራ ለመሥራት ባህሉን ጠይቆ፣ አጥንቶ፣ ረቂቅ አውጥቶ መምጣት ያስፈልጋል። ሥራ አለ፤ የጠፋው የሚሠራው እጅ ነው። ደህና በጀት ያለው ድርጅት ይህን ስለሚያውቅ ሥራውን 275 ኪሎ ሜትር ተሻግሮ አዲስ አበባ ይሰጣል።

በአንድ ነገር ግን ከጸሐፊው ጋር ነኝ፤ ክፍያው ያሳፍራል። «ሎጎውን በነፃ ሥራልኝ፣ ባነሩን አንተ ጋ አሳትማለሁ» የማይል ደንበኛ ብርቅ ነው። ሐሳብ ዋጋ የለውም፣ ዋጋ ያለው ባነሩ የሚታተምበት ፍሌክስ ነው ተብሎ ይታመናል። ይህን ልማድ ያመጣነው ግን እኛው ነን፤ ለሐሳቡ ምክንያት ማቅረብ ስላልቻልን በካሬ ሜትር መሸጥ ጀመርን። «ለምን ይህን ቀለም መረጥክ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ያምራል» ከማለት ያለፈ መልስ ያለው ልጅ የተሻለ ዋጋ ሲጠይቅ አይቻለሁ፤ ሲከፈለውም እንዲሁ።

ስለ ተዛማጆቹ ሙያዎች ጸሐፊው በአንዲት ዐረፍተ ነገር ነው ያለፈው፦ ፋሽን፣ ኢንቴሪየርና አኒሜሽን «የሀብታም ልጅ ጨዋታ» ናቸው ይላል። ይህን ሌላ ከተማ ቢጽፈው ባልከፋኝ። በሐምሌ 2008 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርካችን ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ እህቶቻችን ልብስ ሰፍተዋል፤ ዲዛይኑ ግን ተሠርቶ የሚመጣው ከውጭ ነበር። በኅዳር 2014 ትልቁ ገዢ፣ የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች፣ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ፣ ከዚያም አገራችን አሜሪካ ለአፍሪካ ከቀረጥ ነፃ ገበያ ከምትሰጥበት ከአጎዋ ስትሰረዝ፣ እዚህ የቀረው የስፌት ማሽን ነው። የራሱ ንድፍና የራሱ ስም የሌለው አምራች ገዢው ሲሄድ ምን ይይዛል? የፋሽን ዲዛይን እዚሁ አገር ባሕር ዳር በጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩት ይሰጣል፤ የኢንቴሪየር የቅርብ ዘመድ የሆነው አርክቴክቸር ደግሞ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። ለሐዋሳ ልጅ ሁለቱም ሩቅ ናቸው፤ የሀብታም ልጅ ጨዋታ ግን አይደሉም።

የመጨረሻው ምክር ላፕቶፑ ነው። ላፕቶፕ ያስፈልጋል፤ ያለ ላፕቶፕ የተማረ ልጅ ከኮሌጁ ላብራቶሪ ወጥቶ ቤቱ ሲገባ ትምህርቱ ይቆማል፤ መብራት ሲጠፋማ ላብራቶሪውም አይረዳውም። ቤተሰብ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃው ምርጫው ከባድ ነው፤ አላቃልለውም። እኔ ለልጆቹ የምነግራቸው ከመመዝገባችሁ በፊት ኮሌጁን ሂዱና ጠይቁ ብዬ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሰርተፊኬት ሳይሆን ባለፈው ዓመት ተማሪዎች ያሳተሙትን ሥራ አሳዩን በሉ። በእጅ መሣል ይማራሉ ወይ? የአማርኛና የሲዳምኛ ጽሑፍ በአንድ ገጽ ማቀናጀት የሚያስተምር ሰው አላችሁ ወይ? ለልምምድ የምትልኩት የት ነው? መምህሩ ራሱ በዚህ ዓመት ምን ሠርቷል? እነዚህን ሲጠየቅ ፊቱ የሚቀየር ኮሌጅ ካጋጠማችሁ የጸሐፊውን ምክር ስሙ፤ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡና ላፕቶፑን ግዙ።